በእጃችን የሠራነውን ይዘን ብንሄድ ነውር ይሆንብን ይሆን?

ጥያቄ

ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐረር ጁገል ውስጥ ተከራይተን የምንኖር፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ሴቷ 12፣ ወንዱ 8 ዓመቱ ነው። ባለቤቴ ተወልዶ ያደገው ድሬዳዋ፣ ከዚራ በመሆኑ ገናን በየዓመቱ የምናሳልፈው አማቴ ቤት ነው። ቤተሰቡ ሰፊ ነው፤ የሚዋደድም ነው። ችግሩ የመጣው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በገና ስጦታ መሰጣጠት ከተለመደ በኋላ ነው። የባለቤቴ ታላቅ እህት ከጅቡቲ ዕቃ እያመጣች ስለምትነግድ ለትልልቆቹ ሽቶና ልብስ፣ ለልጆቹ ጫማና መጫወቻ ይዛ ትመጣለች። እኛም ከእርሷ ላለማነስ ስንል ያለንን አሟጠን ስንገዛ ቆይተናል።

ዘንድሮ ባለቤቴ በአናጺነት ይሠራበት የነበረው ግንባታ ከቆመ ወራት አልፈዋል፤ አሁን የምንተዳደረው በእኔ ደመወዝ ብቻ ነው። ስንነጋገር የሰማችው ልጄ «እማዬ፣ ስጦታውን ለምን እኛው አንሠራውም?» አለችኝ፤ ሐሳቧ ደስ አሰኘኝ። ለባለቤቴ ሳነሳበት ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «እናቴ ቤት ቆሎ ቋጥረሽ ልትሄጂ ነው? ቸገራቸው እንዲባል ነው?» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ተነጋግረን አናውቅም። እርሱ የሚለው የዕቁብ አባላቱን ለምነን ተራችን እንዲቀድምልን እናድርግ ነው። ያ ገንዘብ ግን ለልጆቹ የሁለተኛ መንፈቀ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ብለን ያሰብነው ነው።

አማቴ እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ ሴት ናቸው። ቡና ይወዳሉ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ግን ጥሬውን መልቀም አቅቷቸው ሰው እስኪመጣላቸው ይጠብቃሉ። ግድግዳ የምንጋራት ሐረሪ ጎረቤቴም በየኢዱ ከቤቷ የሠራችውን ሳትልክልን ቀርታ አታውቅም፤ እኔ በገና ምን እንደምልክላት ስለማላውቅ ዝም እላለሁ። በእጅ የተሠራ ነገር ይዞ መሄድ ነውር ነው? ካልሆነስ ለእነዚህ ሁሉ ሰዎች፣ ገና 2 ዓመት ከሆነው የቤተሰቡ ሕፃን ጀምሮ፣ ምን ልሥራ? ባለቤቴንስ እንዴት ላናግረው?

ግራ የገባት እናት፣ ከሐረር

መልስ

ውድ እህቴ፣

ነውር አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ለቀረው ጉዳይ ሰፋ ያለ ቦታ እንዲተርፈን ብዬ ነው፤ ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነብ ሐሳቤ የቆመው የባለቤትሽ ፊት ተለዋወጠ ያልሽበት ቦታ ላይ ነውና።

ባለቤትሽ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለወራት ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ፣ ማንም ምንም ሳይለው በራሱ ዓይን እያነሰ ይሄዳል። በዚህ ላይ ገና ሲመጣ፣ ወንድም እህቱ፣ የልጅነት ጎረቤቶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት የእናቱ ቤት ምን ይዞ እንደሚገባ ያስባል። ስለዚህ «ቸገራቸው እንዲባል ነው?» ሲልሽ ስለ ቆሎ እየተናገረ አይመስለኝም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ሥራው መቆሙን እናቱና እህቱ ያውቃሉ? ይህን በደብዳቤሽ አልገለጽሽውም። ካላወቁ፣ አንቺ በቅን ልብ ያዘጋጀሽው ስጦታ እርሱ በአንደበቱ ያልነገራቸውን ነገር በሰው ሁሉ ፊት የሚናገርበት ይሆናል፤ የፈራውም ይህን ይመስለኛል። በብድር የተገዛ ሽቶ ደግሞ ወሬውን ለአንድ ቀን ይሸፍነው እንደሆነ እንጂ ጭንቀቱን አያነሣለትም።

በመሆኑም ከስጦታው ወሬ በፊት የሚቀድም ወሬ አለ። ልጆቹ በተኙበት፣ ገንዘብ በማትቆጥሩበትና የቤት ኪራይ ባልተነሣበት ሰዓት አጠገቡ ተቀመጪና ስለ ስጦታው ምንም ሳትጠቅሺ «ሥራው መቆሙን ለእናትህ ነግረሃቸዋል?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱን ለመስማት እንጂ ለመርታት አትጠይቂው። አልነገርኩም ካለሽ፣ ከበዓሉ በፊት ባለ አንድ ተራ ቀን ብቻውን ወርዶ እናቱን እንዲያያቸው አበረታቺው፤ ከሐረር ድሬዳዋ ደርሶ መምጣት የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። እናት ልጇ ሥራ መፍታቱን ከእርሱው አፍ በሰላሙ ቀን ስትሰማና በበዓል ጫጫታ መካከል ከሁኔታው ስትገምት የሚሰማት አንድ አይደለም። እርሳቸው ካወቁ በኋላ አንቺ ይዘሽ የምትሄጂው ነገር ስጦታ ብቻ ይሆናል፤ የሚያጋልጠው ምስጢር አይኖርም። እስከዚያ ድረስ ግን በዝግጅቱ አትግፊበት።

ስለ ዕቁቡ ያለኝን አስተያየት ሳልሸፍን እነግርሻለሁ፦ ተራውን ለዚህ ብላችሁ አታስቀድሙ። ባለቤትሽ ይህን ያሰበው ክብሩን ለመጠበቅ ነው፤ ሐሳቡን ስትሰሚ ይህን አክብሪለት። ነገር ግን ተራ እንዲቀደም ሲለመን ምክንያት መነገሩ አይቀርም፤ ከቤተሰብ የሸሸገው ነገር በዕቁብተኞች ፊት ይነገራል። ተራውን የሚለቅላችሁ ሰውም ያቀደው ጉዳይ ይኖረዋል። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር ደግሞ ከትምህርት ቤቱ የሚመጣው የክፍያ ማስታወቂያ ከማንም ዘመድ ሐሜት ይልቅ ያስጨንቃችኋል፤ ያን ጊዜ የሚመጣው ብድር ለሽቶ ሳይሆን ለልጆቻችሁ ትምህርት ይሆናል። ከዚህ ይልቅ ከደመወዝሽ ላይ ሁለታችሁ የተስማማችሁበት፣ ትንሽም ቢሆን የታወቀ ገንዘብ ለበዓሉ ስጦታ ለዩና ከዚያ አንድ ብር እንደማታልፉ ተነጋገሩ። መጠኑን እርሱ ይወስን።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። እናቶቻችን ለዓመት በዓል ወደ ወላጅ ቤት ሲሄዱ ያነጠሩትን ቅቤ፣ ማር፣ ቡናና የጋገሩትን ድፎ ይዘው እንጂ ከሱቅ የታሸገ ነገር ይዘው አልነበረም። በእንቁጣጣሽ ልጆች በቀለም ሥለው በየቤቱ የሚያዞሩትን ሥዕል የናቀ ሰው አላየሁም። አንቺ በምትኖሪበት በጁገል ደግሞ በሐረሪዎች ቤት ግድግዳ ላይ ተሰድሮ የምታዪው ስፌት የሴቶች የእጅ ሥራ ነው፤ ለሙሽራም የሚሰጥ የክብር ስጦታ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ የባለቤትሽ ሥጋት ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም። ለበዓሉ ዋዜማ ተጣድፎ የተሠራና በፌስታል የተቋጠረ ነገር፣ በእጅ የተሠራ ስለሆነ ብቻ ክብር አይኖረውም፤ ተቀባዩም ከቤት የተረፈ ነው የመጣልኝ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ስለዚህ ጥቂት ነገር ሥሩ፤ የምትሠሩትንም ያንን የሚቀበለውን ሰው በዓይነ ሕሊናችሁ እያያችሁ ሥሩት።

በዕቅድሽ ውስጥ የጎደለ አንድ ነገር አይቻለሁ፤ አንቺ አለሽ፣ ልጅሽ አለች፣ የባለቤትሽ እጅ ግን የለበትም። በቤቱ ካላችሁት ሁሉ በእጁ ሥራ የታወቀው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ሚስቱና ልጁ የሠሩትን ተሸክሞ እንዲሄድ ብቻ ብትጠይቂው ሊከብደው ይችላል። እናቱ ቡና ይወዳሉ ብለሽኛል። ከቀድሞ ሥራው የተረፈ ጣውላና ሞራሌ ቢገኝ፣ ባይገኝም ትንሽ ቢገዛ፣ ለእናቱ ረከቦት ሊሠራላቸው አይችልም? ዓይናቸው ስለደከመ ጠርዙ በሁሉም ጎን በአንድ ጣት ያህል ከፍ ያለ ቢሆን፣ ሲኒ ሲያስቀምጡ በእጃቸው ዳብሰው ዳርቻውን ያገኙታል፤ ሲኒውም ተንሸራትቶ አይወድቅም። ቁመቱን እርሳቸው ከሚቀመጡበት በርጩማ ጋር ያስማማው፤ ይህን ለመለካት ነው ብሎ አስቀድሞ ወደ እናቱ የሚሄድበት ምክንያትም ያገኛል። ማዕዘኑን በብርጭቆ ወረቀት ደኅና አድርጎ ያለስልሰው፤ ቫርኒሹንም ከበዓሉ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይቀባው፤ ሽታው ሳይለቅ ቡና የሚቀርብበት ዕቃ ላይ ደስ አይልምና። ይህን ሐሳብ ግን እንደ ትእዛዝ አታቅርቢለት። «ለእማማ የቡና ረከቦት ብትሠራላቸው ምን ይመስልሃል? የእርሳቸው አርጅቷል ወይስ ገና ነው?» ብለሽ ጠይቂና ተዪው፤ ሌሊቱን ያስብበት።

አንቺና ልጆቹ ደግሞ የተለቀመ ቡና አዘጋጁላቸው። ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት ስጦታ ይህ ነው፤ ፍንጩንም የሰጠሽኝ አንቺው ነሽ። የሐረር ቡና እንደምታውቂው ከነገለባው በፀሐይ የሚደርቅ በመሆኑ መልካም መዓዛውን ይዞ ይቆያል፤ ይሁን እንጂ ፍሬው እኩል ስለማይሆን መለቀም ይፈልጋል። ሰፌድ ላይ ስስ አድርገሽ በትኚና ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበሳውንና ጠጠሩን በደንብ ልቀሙ። ስምንት ዓመቱ ወንድ ልጅሽ ለዚህ ሥራ ከሁላችሁ የተሻለ ዓይን አለው። አትጠቡት፤ ውኃ የነካው ጥሬ ቡና በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል፤ አማትሽም ሊቆሉት ሲሉ አጥቦ ምጣድ ላይ የሚያደርግላቸው አያጡም። ከዚያ ለአንድ ጀበና የሚበቃውን ያህል እየለካችሁ በትንንሽ የጨርቅ ከረጢት ክተቱት። አማትሽ ቡና ሲያምራቸው ሰው ሳይጠብቁ አንዱን ከረጢት ፈትተው መጀመር ይችላሉ። ለከረጢቱ የሚሆን ጨርቅ መግዛት አያስፈልግሽም፤ መኪና ግርግር ወርደሽ ከልብስ ሰፊዎቹ ቁርጥራጭ ብትጠይቂ በነፃ ወይም በትንሽ ገንዘብ ታገኛለሽ፤ ልጅሽ ደግሞ በእጇ ትሰፋዋለች። ከረጢቶቹ ባዶ ሲሆኑ እየሰበሰቡ እንዲያስቀምጡልሽና በሚቀጥለው ጊዜ ሞልተሽ እንደምትመልሺላቸው ንገሪያቸው፤ ቃል ከገባሽ ግን መፈጸም እንደሚኖርብሽ አስቢበት።

ለባለቤትሽ እህት ምን ይሰጣል ብዬ ሳስብ፣ ሽቶም ልብስም የሚያልፈው በእርሷ እጅ እንደሆነ አየሁ። ከእርሷ ጋር በዕቃ መወዳደር ገንዘብ ቢኖራችሁም የሚሆን አልነበረም። ዕድሜዋ መንገድ ላይ የሚያልቅ ነጋዴ የሚያስፈልጋት ግን ከቤት የተሠራ ስንቅ ይመስለኛል፤ ባለቤትሽ «ቆሎ» ብሎ ያጣጣለውም ነገር ለእርሷ ሲሆን ቦታውን ያገኛል። ዳቦ ቆሎና የባቢሌ ለውዝ አዘጋጂላት። ዳቦ ቆሎውን በዘይት ሥሪው፤ አንደኛ የነቢያት ጾም ላይ ስለሆንሽ እየቀመስሽ ለመሥራት ይመችሻል፤ ሁለተኛም ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ስትሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ቤትሽ ደህና የሰነበተ ቅቤ ያለበት ነገር እዚያ ሙቀቱ ቶሎ ያበላሸዋል። ለአንድ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት አንድ ብርጭቆ ዘይት፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨውና እንደ ፍላጎትሽ ጥቂት በርበሬ አድርጊ፤ መጀመሪያ ዘይቱን ከዱቄቱ ጋር በእጅሽ በደንብ አሺው፤ ከዚያ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርሽ ጠንከር ያለና እጅ የማይዝ ሊጥ አድርጊው። ጥቂት ካረፈ በኋላ ከእርሳስ ቀጠን አድርገሽ እያሸሽ በሽንብራ መጠን ቁረጪው፤ ብረት ምጣድ ላይ በለስላሳ እሳት ሳታቋርጪ እያማሰልሽ ቁይው። እሳቱ ከበረታ ላዩ ይቀላና ውስጡ ሊጥ ይቀራል። አንዱን አውጥተሽ ቀዝቀዝ ሲል ስበሪው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል።

ለውዙን በተመለከተ ከመቁላትሽ በፊት አንድ በአንድ እንድትለቅሚው አጥብቄ እመክርሻለሁ። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውንና ሻጋታ የታየበትን ጣዪው። በለውዝ ላይ የሚበቅል አንድ ዓይነት ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመጣል፤ ይህም በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጥሩ ጥሩውን በጥቂት የጨው ውኃ ረጨት አድርገሽ፣ አድርቀሽ፣ በመካከለኛ እሳት ቁይው፤ ልክ ከምጣዱ እንደወጣ ለስላሳ ስለሆነ አልደረሰም ብለሽ እንዳታሳርሪው፣ የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ነው። ዳቦ ቆሎውንም ለውዙንም ፈጽሞ ሳይበርድ ወደ ጠርሙስ አትክተቺ፤ እንፋሎቱ ያላላዋል። ጠርሙሱ የማር ወይም የጃም ቢሆን ይበቃል፤ ግን ተቀቅሎ፣ ሽታው ለቅቆ፣ ጠብታ ውኃ ሳይቀርበት የደረቀ ይሁን። ከቤተሰቡ ስኳር ያለበት ወይም ለውዝ የማይስማማው ሰው እንዳለ አስቀድመሽ ጠይቂ። ሁለት ዓመት ለሆነው ሕፃን ደግሞ ድፍን ለውዝ በፍጹም አይሰጥም፤ ሊታነቅ ይችላል።

ለልጆቹ ብዙ አትጨነቂ። ጫማ ከአክስታቸው ያገኛሉ። ከእናንተ የሚያገኙት ለሁሉም አንድ ላይ የሚሆን የገና ጨዋታ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ባለቤትሽ ጫፋቸው የቆለመመ ጥቂት ዱላዎች ጠርቦ ቢያለሰልስና አንድ ሩር ቢያዘጋጅ፣ አጎቶችና አባቶች ሳይቀሩ ከምሳ በኋላ ይወጣሉ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ፤ እርሱም ከእኩዮቹ ጋር ሥራ ያለው የሌለው ሳይባል የሚጫወትበት ሰዓት ያገኛል። ዱላ በመሆኑ ትልቅ ሰው አብሮ ይኑር፤ ትንሹን ሕፃን አርቁት። ለእርሱ ልጅሽ ከተረፈው ቁርጥራጭ ጨርቅ ኳስ ትስፋለት።

ጎረቤትሽን በሚመለከት፣ በዝምታሽ ውስጥ አክብሮት እንዳለ ይገባኛል፤ ምን እንደሚበሉና እንደማይበሉ ተጠንቅቀሽ ነው ዝም ያልሽው። ነገሩ ግን ከባድ አይደለም። በገና እኛ ያረድነውን ሥጋ አይበሉም፤ ጠላና ጠጅም አይሆንም፤ ከዚህ ውጪ ያለው ሰፊ ነው። ለእርሷ ከሠራሽው ዳቦ ቆሎ አንድ ጠርሙስ ወይም በኮባ የተጋገረ ትኩስ ድፎ በቂና ደስ የሚያሰኝ ነው። ለገና ወደ ድሬዳዋ ስለምትወርዱ ዋዜማውን ሳይመሽ ስጪያት፤ ለልጆቿም የሚበቃ ብታደርጊው አይከፋም። ሳህኗ አንቺ ዘንድ ካለ ባዶውን አትመልሺ። ምናልባት ሌላም ነገር ልትጠይቂያት ትችያለሽ፦ ስፌት የምትሰፋ ከሆነ፣ ልጅሽን በሚመጣው ክረምት ታስተምራት። ደህና የሐረር ስፌት ለዘንድሮ ገና የሚደርስ ነገር አይደለም፤ እጅ እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል። ሴትዮዋ ግን የያዘችውን ሙያ አክብሮ አስተምሪን የሚል ጎረቤት ማግኘቷ ራሱ ደስ ያሰኛታል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ጊዜው ጥቂት ልበል። ቡናውንና ለውዙን ከቁልቢ ገብርኤል በፊት ብትገዢ ይሻላል፤ ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ መንገዱም ትራንስፖርቱም በተሳላሚ ይጨናነቃል፤ ባለቤትሽም እናቱን ለማየት የሚወርደው ከዚያ በፊት ቢሆን ይመቸዋል። ቡናው ቀደም ብሎ ቢለቀም አይጎዳም። ዳቦ ቆሎና ለውዙን ግን ለበዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀር ቁሉት። ከዚያ በፊት ግማሽ ኪሎ ዱቄት ሞክሪና ለባለቤትሽ በሲኒ አቅርቢለት፤ ምንም አትበዪ፣ ይብላውና እርሱ ራሱ ይፍረድ።

ስጦታውን ስትሰጪ፣ በባህላችን «ትንሽ ናት» ማለት ያለ ነው፤ እርሱ ይሁን። ከዚያ አልፈሽ «ዘንድሮ ስላልተመቸን ነው» ወደሚል ማብራሪያ አትግቢ፤ ባለቤትሽ አጠገብሽ ቆሞ እንደሆነ በተለይ። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው፣ ለምን ለእርሱ እንደተሠራ በአንድ ቃል ነግረሽ ስጪ፤ ለአማትሽ «ለቅመነዋል፣ ምጣድ ላይ ማድረግ ብቻ ነው»፣ ለባለቤትሽ እህት «ለመንገድሽ ነው» ማለት ይበቃል። ረከቦቱን ባለቤትሽ በራሱ እጅ ይስጥ። እህቱ የእናንተን ጠርሙስ ተቀብላ ሳትከፍተው ወደ ጎን ብታደርገው ወዲያው ክፉ ትርጉም አትስጪው፤ በበዓል ግርግር እንዲህ ያለው ነገር ይደርሳል። የምታመጣላችሁንም በደስታ ተቀበሉ፤ አንቀበልም ማለት ጠብ መፍጠር ነው። እንዲያውም ለዚህ ሁሉ ሰው በየዓመቱ ይዞ መምጣት እርሷንም ከብዷት ይሆናል ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ? የጀመረችው ልማድ ስለሆነ እርሷ ማቆም ይቸግራታል። በዓሉ አልፎ ነገር ሲረጋጋ፣ በሚመጣው ዓመት ትልልቆቹ ዕጣ ተጣጥለው እያንዳንዱ ለአንድ ሰው ብቻ እንዲያዘጋጅ ሐሳብ አቅርቡ። ይህን ሐሳብ ባለቤትሽ ለእህቱ ቢያነሣው ይሻላል፤ ከአንቺ አፍ ሲወጣ ቅሬታ ሊመስል ይችላል።

የሚቀረው ባለቤትሽ ይህን ሁሉ ሰምቶ አሻፈረኝ ቢል የሚለው ነው። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገር በግድ አታስፈጽሚ። በዕቁቡ ገንዘብ ላይ ግን አቋምሽን አትልቀቂ፤ የልጆቻችሁ ክፍያ ስለሆነ በትሕትና፣ ግን ሳትወላውዪ፣ አይነካም በዪ። ከተለየው ገንዘብ የሚገዛውን እርሱ ይምረጥ፤ ለወንድሞቹና ለእህቱ እርሱ እንዳለው ይሁን። የአማትሽን ቡና ግን አንቺና ልጆችሽ ልቀሙ፤ እርሳቸው እንደ ልጃቸው እንደሚያዩሽ ነግረሽኛልና፣ ያን ለማድረግ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ የሚኖርብሽ አይመስለኝም። ከባለቤትሽ ጋር የምታደርጉት ንግግር ካሰብሽው በላይ ከከበደ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባታችሁ በመካከል እንዲገቡ ከማድረግ ወደኋላ አትበዪ፤ ለእኔም ደግመሽ ጻፊልኝ።